የጂኦሎጂ የጥናት ጽሑፍ ዝግጅት

የጂኦሎጂ የጥናት ጽሑፍ ዝግጅት ማለት በመስክና በቤተ ሙከራ የተገኘን የሥነ ምድር ጥናት ውጤት በባለሙያዎች ተገምግሞ በሳይንሳዊ ጆርናል እንዲታተም የመጻፍ፣ የማደራጀትና የመላክ ሥራ ነው። ሥራው ከመስክ ማስታወሻ ይጀምርና የመጨረሻው የማረሚያ ቅጂ እስከሚጸድቅበት ቀን ድረስ ይዘልቃል። የጂኦሎጂ ጽሑፍ ከሌሎች ሳይንሶች ጽሑፍ የሚለየው በዋናነት ከቦታ ጋር ባለው ቁርኝት ነው። የኬሚስትሪ ሙከራ በየትኛውም ቤተ ሙከራ ሊደገም ይችላል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ካለ የወንዝ ገደል የተወሰደ ድንጋይ ግን የሚጣራው እዚያው ገደል ተመልሶ በመሄድ ነው። ስለዚህ ጽሑፉ ከሚፈተንባቸው ነገሮች አንዱ ደራሲውን አግኝቶ የማያውቅ ሌላ ሰው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጽሑፉን ብቻ ይዞ ቦታውን፣ ናሙናውንና ቁጥሩን መልሶ ማግኘት መቻሉ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚጻፉ ጽሑፎች አጠቃላይ የአጻጻፍ መመሪያዎች የማይነግሯቸው ጥቂት ችግሮች አሉ። የአገሪቱ ካርታዎች የተሠሩበት የልኬት መነሻ፣ የዘመን አቆጣጠሩ፣ የቦታ ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉበት መንገድ እንዲሁም የሰው ስም አወጣጥ ከጆርናሎቹ ልማድ ጋር አይገጥሙም። ይህ ጽሑፍ በእነዚህ ላይ ያተኩራል።

ታሪካዊ መነሻ

ስለ ኢትዮጵያ አለቶች በዘመናዊ መንገድ ከተጻፉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ የእንግሊዛዊው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። ብላንፎርድ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከዘመተው የናፒየር ጦር ጋር የመጣ ጂኦሎጂስት ሲሆን፣ የተመለከተውን እ.ኤ.አ. በ1870 በመጽሐፍ አሳተመ። የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ፣ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ፣ የአሸንጌና የመቅደላ የእሳተ ገሞራ አለቶች የሚሉትን ስያሜዎች የሰጠው እሱ ነው። ከ150 ዓመት በላይ አልፎም እነዚህ ስሞች በየጆርናሉ ይጻፋሉ። በጉዞ ላይ ያለ ሰው በአቅራቢያው ካገኘው ሰፈር ወስዶ የሰጠው ስም አንዴ ከታተመ በኋላ በቀላሉ አይለወጥም።

ፖል ሞር የኢትዮጵያን ጂኦሎጂ በአንድ መጽሐፍ ያጠቃለለው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ሆኖ ነው። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፒየር ጉዋን ደግሞ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያን ከመሠረቱ በኋላ፣ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ የያዘውን መጽሐፋቸውን እ.ኤ.አ. በ1979 አሳተሙ። የአገሪቱ አጠቃላይ የጂኦሎጂ ካርታ በ1 ለ2,000,000 ልኬት እ.ኤ.አ. በ1973 ወጥቶ በ1996 ተሻሽሏል።

በአገር ውስጥ የጂኦሎጂ ጽሑፎችን ከሚያስተናግዱት ጆርናሎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1978 የተጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ «ሲኔት» ነው። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ «ሞሞና» እ.ኤ.አ. በ2009 ተከተለ። ሁለቱም የተለያዩ የሳይንስ ዘርፎችን የሚያወጡ እንጂ የጂኦሎጂ ብቻ አይደሉም፤ ሁለቱም በእንግሊዝኛ ይታተማሉ። ከውጭዎቹ ብዙ የኢትዮጵያ ጥናት የወጣበት የአፍሪካ የምድር ሳይንሶች ጆርናል ሲሆን፣ ስለ እሳተ ገሞራ የተጻፉት በእሳተ ገሞራና በፔትሮሎጂ ጆርናሎች ይገኛሉ።

ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ጆርናል

ከዩኒቨርሲቲ የሚላኩ ብዙ ጽሑፎች መነሻቸው የማስተርስ ወይም የዶክትሬት መመረቂያ ጽሑፍ ነው። መመረቂያ ጽሑፍ ተማሪው ሥራውን እንደሚችል ያሳያል፤ የጆርናል ጽሑፍ ግን አንድ ጥያቄ ይመልሳል። አንድ መቶ ገጹን ወደ ሃያ ገጽ ማሳጠር ብቻ የጆርናል ጽሑፍ አያደርገውም። ጥያቄው መጀመሪያ መለየት አለበት፤ ለዚያ ጥያቄ የማያገለግለው ምዕራፍ ቢያለፋም እንኳ መቅረት አለበት።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሉሲ (ድንቅነሽ) ዕድሜ ጉዳይ ነው። ቅሪተ አካሏ ሐዳር ላይ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ዕድሜዋ ብዙ አከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮበርት ዋልተር «ጂኦሎጂ» በተባለው ጆርናል ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከአመድ ንብርብሩ የተወሰዱ ክሪስታሎችን አንድ በአንድ በአርጎን ዘዴ ለክቶ ሉሲ ከ3.18 ሚሊዮን ዓመት ትንሽ እንደምታንስ አሳየ። ይህ ጆርናል ለአንድ ጽሑፍ የሚፈቅደው ጥቂት የታተሙ ገጾችን ብቻ ነው። ጥያቄው አንድ ስለነበረ ጥቂት ገጽ በቃው።

የጽሑፉ ክፍሎች በአብዛኛው ርዕስ፣ አኅጽሮተ ጥናት፣ መግቢያ፣ የአካባቢው ጂኦሎጂ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይትና ማጠቃለያ ናቸው። «የአካባቢው ጂኦሎጂ» የሚለው ክፍል ለዚህ ሙያ የተለየ ነው፤ አዲሱ ናሙና ከየትኛው የታወቀ ታሪክ ላይ እንደሚያርፍ ያሳያል። ለምሳሌ ከማንኩሳ አካባቢ በተወሰደ ባሳልት ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ቢያንስ ሦስት የቀደሙ ሥራዎችን መጥቀስ ይጠበቅበታል። አንደኛው የሰሜን ምዕራብ ደጋው ሰፊ የባሳልት ፍሰት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ ያሳየው የሆፍማንና የባልደረቦቹ ጽሑፍ (እ.ኤ.አ. 1997) ነው። ሁለተኛው ይህንኑ ባሳልት በታይታኒየም መጠኑ በሦስት የከፈለው የፒክና የባልደረቦቹ ጥናት (1998) ነው። ሦስተኛው የጮቄ ተራራ በዋናው ፍሰት ላይ በኋላ የተገነባ፣ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ መሆኑን ያቀረበው የኪፈርና የባልደረቦቹ ጥናት (2004) ነው። ከጣና ደቡብ እስከ እንጅባራ ድረስ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ በጣም የሚያንሱ ወጣት ፍሰቶች አሉ፤ የዘንገና ሐይቅ የተኛበት ጉድጓድም የእሳተ ገሞራ አፍ ነው። አንባቢው አዲሱ ናሙና ከነዚህ የየትኛው ወገን ሊሆን እንደሚችል ካልተነገረው የኬሚስትሪ ሰንጠረዡ ትርጉም አይሰጠውም።

ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ምልከታንና ትርጓሜን በመቀላቀል ነው። «ጥቁር፣ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት፣ አራት ሜትር ውፍረት ያለው ባሳልት» ምልከታ ነው። «የቅርብ ዘመን ፍሰት» ግን ትርጓሜ ነው፤ ቦታውም ውይይት ውስጥ ነው። ምልከታው በትክክል ከተጻፈ ትርጓሜው ውድቅ ቢሆን እንኳ ጽሑፉ አይሞትም።

የዘመን ስሞችም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። «ተርሸሪ» የሚለው በቀድሞ ሪፖርቶችና ካርታዎች የተለመደ ቢሆንም በዓለም አቀፉ የዘመን ሠንጠረዥ መደበኛ ስም አይደለም፤ «ፓሊዮጂን» ወይም «ኒዮጂን» ይባላል። የኳተርናሪ መነሻም እ.ኤ.አ. በ2009 ከ1.8 ወደ 2.58 ሚሊዮን ዓመት ዝቅ ብሏል። ስለዚህ ከዚያ በፊት በተሠራ ካርታ ላይ የተጻፈውን የዘመን ስም እንዳለ መገልበጥ ስህተት ሊሆን ይችላል።

ቦታን መጻፍ

የአንድ ናሙና ቦታ በኬክሮስና በኬንትሮስ ወይም በዩቲኤም ሜትር ይገለጻል። እዚህ ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ በጣም የተለመደ ወጥመድ አለ። በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት የተዘጋጁት የ1 ለ50,000 ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በተባለ የልኬት መነሻ ነው። ስሙ የመጣው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ የልኬት ነጥብ ነው። የስልክና የእጅ ጂፒኤስ ግን ካልተቀየረ በቀር የሚሰጠው «ደብሊው ጂ ኤስ 84» በተባለው መነሻ ነው። በምዕራብ ጎጃም አካባቢ በሁለቱ መካከል ያለው የዩቲኤም ልዩነት በምሥራቅ አቅጣጫ 90 ሜትር ያህል፣ በሰሜን አቅጣጫ ደግሞ 200 ሜትር ያህል ነው። ሜዳ ላይ ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። ገደል በበዛበት አገር ግን ናሙናውን ከወንዙ ማዶ ያደርገዋል፤ ማዶው ደግሞ ሌላ ንብርብር፣ ሌላ ዕድሜ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከቁጥሩ ጎን መነሻውን መጻፍ። ይህ አንድ ቃል ባለመጻፉ ምክንያት ቁጥራቸው የማይታመን የቆዩ ሠንጠረዦች ብዙ ናቸው።

የዩቲኤም ቀጠናም መጻፍ አለበት። ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳና ቡሬ ቀጠና 37 ውስጥ ናቸው፤ አሶሳ 36፣ ጅጅጋ 38 ውስጥ ነው። ቀጠናው ካልተጻፈ ያው ቁጥር ሦስት ቦታ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ከቁጥር ቀጥሎ ስም ይመጣል። ቡሬ የሚባል ከተማ ምዕራብ ጎጃም አለ፤ ኢሉ አባ ቦር ውስጥም አለ፤ በአሰብ መንገድ ላይ አፋር ውስጥም ቡሬ አለ። «ከቡሬ የተወሰደ ባሳልት» የሚል ዓረፍተ ነገር ዞኑ ካልተጠቀሰ አንባቢውን ከደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆ ሊወስደው ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ችግሩ ይብሳል። የቡሬን ስም አንዱ በአራት ፊደል ይጽፈዋል፣ ሌላው በአምስት። ፍኖተ ሰላምን አንዱ በአንድ ቃል፣ ሌላው በሁለት ቃል ይጽፋል። ማንኩሳ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ የትውልድ ቦታ በመሆኗ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለችም፤ በላቲን ግን «ሳ»ን በአንድ ወይም በሁለት ፊደል የሚጽፍ አለ፣ በፍለጋ ሞተርም ሁለቱ እንደ ሁለት ቦታ ሊቆጠሩ ይችላሉ። የሚመከረው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አንድ አጻጻፍ መርጦ ከርዕስ እስከ ሥዕል መግለጫ ሳይለዋውጡ መጠቀም፣ በመጀመሪያው ላይ ዞኑንና ወረዳውን መጥቀስ ነው። ለንብርብር የተሰጠ ስም ግን አይመረጥም። ጌታነህ አሰፋ በዓባይ ሸለቆ ለሚገኘው ንብርብር የሰጡት የጎሐ ጽዮን ስም በሕትመት ላይ እንደወጣው ይጻፋል፤ የከተማው ስም በሌላ መንገድ ቢጻፍም የንብርብሩ አይከተለውም።

የቀበሌ ስምና ወሰን ስለሚለዋወጥ ወንዝና ድልድይ የተሻለ ምልክት ነው። ፎቶግራፍም ይጠቅማል። ኦሞ ኪቢሽ ላይ «ኦሞ አንድ» የተባለው የሰው ቅሪተ አካል እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ ቡድን ሲገኝ ጂፒኤስ አልነበረም። ከሦስት አሥርት ዓመት በኋላ የተመለሱት ተመራማሪዎች ቦታውን ያረጋገጡት በዚያን ጊዜ በተነሡ ምስሎች ነው፤ እዚያው ቦታም ከ1967ቱ ጋር የሚጋጠም የአጥንት ስባሪ አገኙ። ማክዱጋልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ዕድሜውን 195 ሺህ ዓመት ገደማ ብለው አሳተሙ። ንብርብሮቹ በግልጽ ተገልጸው ስለነበር ሴሊን ቪዳል፣ አስፋወሰን አሥራት፣ ገዛኸኝ ይርጉና ሌሎች ባልደረቦቻቸው ከቅሪተ አካሉ በላይ ያለውን አመድ መልሰው አጥንተው፣ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር አገናኙት። በ2022 ባወጡት ጽሑፍ መሠረት ቅሪተ አካሉ ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት ይሆነዋል፤ የስህተት ክልሉ 22 ሺህ ዓመት ነው። የቀድሞው ጽሑፍ ቁጥሩ ቢሻሻልም ቦታውን በትክክል ስላስቀመጠ ለአዲሱ መሠረት ሆኗል።

ቀንና ሰዓት

በመስክ ማስታወሻ ላይ «15/5/2011» ተብሎ የተጻፈ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 15 ቀን 2011 ሲሆን፣ በጎርጎርዮስ ጃንዋሪ 23 ቀን 2019 ነው። ማስታወሻውን ሌላ ሰው ቢገለብጠው ሜይ 15 ቀን 2011 ሊያደርገው ይችላል። ለአንድ የባሳልት ስባሪ የተወሰደበት ዓመት ብዙ ላያሳስብ ይችላል፤ ለፍል ውኃ ሙቀት፣ ለከርሰ ምድር ውኃ ጥልቀት፣ ለመሬት መንሸራተትና ለመንቀጥቀጥ ግን ቀኑ ራሱ ውጤት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአፋር ዳባሁ የተከሰተው ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መንቀጥቀጡ የጀመረው ሴፕቴምበር 14፣ ማለትም መስከረም 4 ቀን 1998 ዓ.ም. ነው። ከአራት ቀን ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ የተመዘገበው በ1997 ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ«ኔቸር» የታተመው የራይት፣ የኤቢንገር፣ የአታላይ አየለ፣ የገዛኸኝ ይርጉና የባልደረቦቻቸው ጽሑፍ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የቅልጥ አለት ስንጥቅ መሬቱን እስከ 8 ሜትር እንደከፈተው አሳየ። የሳተላይት ምስልንና የመንቀጥቀጥ መዝገብን ማዛመድ የሚቻለው ሁለቱ በአንድ ዘመን አቆጣጠርና በአንድ ሰዓት ሲጻፉ ብቻ ነው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» የሚለው በውጭ አጻጻፍ 9 ሰዓት፣ በዓለም አቀፉ የጊዜ መለኪያ ደግሞ 6 ሰዓት ነው። አንድ ቅጽበት ሦስት ቁጥር አለው።

በጽሑፉ ውስጥ የጎርጎርዮስ ቀን መጠቀም፣ ወሩን በቁጥር ሳይሆን በስም መጻፍ ይመረጣል። የጥንት ዜና መዋዕልን የሚጠቅስ ጽሑፍ ግን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ቀንም አብሮ ማስቀመጥ አለበት፤ ስሌቱ ከተሳሳተ ሌላ ሰው እንዲያርመው።

የደራሲዎች ስም

ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የላቸውም፤ ከራስ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነው። አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ ጆርናሎች ግን የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው የመጀመሪያውን ወደ አንድ ፊደል ያሳጥራሉ። ስለዚህ ገዛኸኝ ይርጉ «ይርጉ፣ ጂ» ይሆናሉ። በሲኔት ልማድ ደግሞ የኢትዮጵያውያን ስም ሳይገለበጥና ሳያጥር ሙሉ ይጻፋል፤ ስለዚህ በአንዱ የዋቢ ዝርዝር በ«ጂ» ተራ፣ በሌላው በ«ዋይ» ተራ ይገኛሉ። ለኮምፒውተር ሁለት ሰዎች ናቸው።

የተገላቢጦሹም አለ። ስለ ደጋው እሳተ ገሞራ አለቶች የጻፉት ደረጀ አያሌውና ስለ መሬት መንሸራተት የጻፉት ሉልሰገድ አያሌው ሁለቱም «አያሌው» ተብለው ይጠቀሳሉ። ለውጭ አንባቢ አንድ የቤተሰብ ስም ይመስላል። ለኢትዮጵያዊ ግን የሁለት አባቶች ስም መመሳሰል ነው። የጥቅስ ብዛት ለደረጃ ዕድገትና ለምርምር ድጋፍ በሚታይበት ዘመን ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የአንዱ ሥራ ለሌላው ሊቆጠር ወይም ለማንም ሳይቆጠር ሊቀር ይችላል።

ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ የሚሰጠው «ኦርኪድ» የተባለ ባለ 16 አሃዝ መለያ ቁጥር ችግሩን በከፊል ፈትቶታል። ምዝገባው ነፃ ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ በፊት መመዝገብና የላቲን አጻጻፍን አንዴ ወስኖ አለመቀየር ይመከራል። «ኃይለ» ወይም «ገብረ» ያለበት ስም አንድ ቃል ይሁን ሁለት ቃል እዚያው መወሰን አለበት፤ ሁለት ቃል ከሆነ አንዳንድ ሥርዓቶች «ገብረ»ን ጥለው ቀሪውን ብቻ ይይዛሉ።

የደራሲዎች ዝርዝር ላይ ማን ይግባ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። በጥናቱ ንድፍ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ላይ የሠራ ሰው ደራሲ ነው፤ መንገድ ያሳየ የአካባቢው ገበሬ ወይም መኪና የነዳ ሹፌር ብዙውን ጊዜ በምስጋና ክፍል ይጠቀሳል። የምስጋናው ክፍል ረስቷቸው የሚያልፍበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም።

ናሙናና ቁጥር

እያንዳንዱ ናሙና በመስክ፣ በቤተ ሙከራና በጽሑፉ ውስጥ አንድ መለያ ብቻ ሊኖረው ይገባል። እዚህ ላይ ከኮምፒውተር የሚመጣ አንድ የታወቀ ችግር አለ። ከደብረ ማርቆስ የተወሰደ ሦስተኛ ናሙና በላቲን የማርቆስ ሦስት ፊደላትና በቁጥር 3 ቢሰየም፣ ኤክሴል «ማርች 3» አድርጎ ይቀይረዋል። ከጃን አሞራ የመጣውም «ጃንዋሪ» ይሆናል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በዘረ መል ጥናት ተመሳሳይ ችግር ተደጋግሞ ስለታየ እ.ኤ.አ. በ2020 የአንዳንድ የሰው ዘረ መሎች ስም እስከ መቀየር ተደርሷል። ዓምዱን መረጃ ከማስገባት በፊት ወደ ጽሑፍ ዓይነት መቀየር ይበቃል። ለናሙና የሚሰጥ «አይ ጂ ኤስ ኤን» የተባለ ዓለም አቀፍ መለያም አለ፤ የሚጠይቁት ጆርናሎች እየበዙ ነው።

የዕድሜ ቁጥር ያለ ስህተት ክልሉ አይጻፍም። ክልሉ የአንድ ይሁን የሁለት ሲግማ መሆኑም መገለጽ አለበት። በአርጎን ዘዴ ደግሞ ውጤቱ የሚሰላው ዕድሜው ይታወቃል ከሚባል መመዘኛ ማዕድን አንጻር ነው። በብዛት የሚሠራበት የፊሽ ካንየን ሳኒዲን ዕድሜ ቀድሞ 28.02 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ይወሰድ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 2008 በኋላ ብዙዎች 28.201ን ይጠቀማሉ። ልዩነቱ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን 30 ሚሊዮን ዓመት ለሆነው የጎጃም ባሳልት ወደ 200 ሺህ ዓመት ይጠጋል። የፍሰቱ ጊዜ ራሱ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው በሚባልበት ሁኔታ ይህ ችላ የሚባል አይደለም። የተጠቀሙበትን መመዘኛ የሚጽፍ ደራሲ ቁጥሩን ወደፊት ሌላ ሰው መልሶ እንዲያሰላው ያስችላል።

በኬሚስትሪ ሠንጠረዥ ውስጥ ሲቃጠል የጠፋው ክብደት መጻፍ አለበት። በእርጥብ ደጋ የተወሰደ ባሳልት ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነው፤ ይህ ቁጥር ከፍ ካለ ገምጋሚው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ናሙናው ጤንነት ነው። የቤተ ሙከራው ስም፣ መሣሪያውና የተለካው የማነጻጸሪያ ናሙና ውጤትም አብረው ይቀርባሉ።

ብዙ ትንተና የሚሠራው ውጭ አገር ስለሆነ ናሙና ለመላክ ከማዕድን ዘርፉ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠየቃል። ቅሪተ አካል ግን የቅርስ ጉዳይ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የሚተዳደር ሲሆን ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይነካም። የፈቃዱን ደብዳቤ ቅጂ መያዝ ይጠቅማል፤ አንዳንድ ጆርናሎች ይጠይቃሉ።

ሥዕልና ካርታ

ገምጋሚዎች ብዙ ጊዜ ከአኅጽሮተ ጥናቱ ቀጥለው የሚያዩት ሥዕሎቹን ነው። ካርታ ሚዛን፣ የሰሜን ምልክትና የኬክሮስ መስመር ያስፈልገዋል። የመስክ ፎቶ ላይ መጠን ለማሳየት የኢትዮጵያ ሳንቲም ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ለውጭ አንባቢ ግን መጠኑ ስለማይታወቅ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ ይሻላል። ፎቶው ወደየት አቅጣጫ እንደተነሣም ይጻፋል። ለፎቶ 300፣ ለመስመር ሥዕል እስከ 1,000 ነጥብ በኢንች የሚጠይቁ አሳታሚዎች አሉ። ከስልክ ወደ ስልክ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ እንደ ፋይል ካልተላከ ይጨመቃል፤ ዋናውን ቅጂ ማስቀረት ያስፈልጋል።

ጆርናል መምረጥ

ጆርናሉ የሚመረጠው ጽሑፉ ከማለቁ በፊት ነው፤ የገጽ ገደቡ፣ የዋቢ አጻጻፉና የሚጠበቀው አንባቢ ይለያያሉ። በጥናቱ ውስጥ በብዛት የተጠቀሱት ጽሑፎች የወጡበት ጆርናል ጥሩ መነሻ ነው። አንድ ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ ክልክል ነው።

ክፍያ ብዙዎችን ያስፈራል። በደንበኝነት የሚነበቡ ጆርናሎች ከደራሲው ብዙውን ጊዜ አይጠይቁም፤ የአፍሪካ የምድር ሳይንሶች ጆርናልን በመሰሉ ድብልቆች ደራሲው ክፍያ የሌለውን መንገድ መምረጥ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑ ጆርናሎች ክፍያ ያስከፍላሉ፤ ብዙ ትላልቅ አሳታሚዎች ግን ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ደራሲዎች ክፍያውን ይሰርዛሉ ወይም ይቀንሳሉ። ጥያቄው መቅረብ ያለበት ሲላክ ነው፤ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሊዘገይ ይችላል።

ከዚህ የሚለዩት አጥማጅ ጆርናሎች ናቸው። በኢሜይል «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብለው ላልተመረቀ ተማሪ ይጽፋሉ፣ በሳምንት ውስጥ እንደሚያትሙ ቃል ይገባሉ፣ ግምገማ ሳያደርጉ ገንዘብ ይቀበላሉ። ጉዳቱ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አንዴ እዚያ የወጣ መረጃ እንደ አዲስ በሌላ ቦታ ሊታተም አይችልም፤ የመስክ ሥራው ሁሉ ማንም በማያነበው ገጽ ላይ ይቀራል። ጆርናሉ በስኮፐስ፣ በዌብ ኦፍ ሳይንስ ወይም በክፍት ጆርናሎች ማውጫ መኖሩን ከማውጫው በራሱ ማጣራት ይገባል፤ ጆርናሉ ስለራሱ በሚጽፈው ብቻ መተማመን አይበቃም። ለአገር ውስጥ ጆርናሎች የትምህርት ሚኒስቴር የዕውቅና ዝርዝር አለ።

ግምገማና ማረሚያ

ጽሑፉ ሲደርስ አርታኢው መጀመሪያ ከጆርናሉ ዓላማ ጋር መግጠሙን ያያል፤ ብዙ ጽሑፍ የሚመለሰው እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ካለፈ ለሁለት ወይም ለሦስት ገምጋሚዎች ይላካል። ያለ ምንም እርማት መቀበል እጅግ ብርቅ ነው፤ «ከፍተኛ እርማት» የሚለው መልስ ውድቅ መደረግ ማለት አይደለም። ለእያንዳንዱ አስተያየት አንድ በአንድ መልስ ተጽፎ፣ የተቀየረው መስመር ቁጥር ተጠቅሶ ይላካል። ገምጋሚው ተሳስቶ ከሆነ በማስረጃ መከራከር ይቻላል። ብዙ ጊዜ ግን የገምጋሚው አለመረዳት ዓረፍተ ነገሩ ግልጽ አለመሆኑን ያሳያል።

ተቀባይነት ካገኘ በኋላ የማረሚያ ቅጂ ይመጣል፤ ለመልስ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። መብራትና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት አካባቢ ያለ ደራሲ ተባባሪ ደራሲውን አስቀድሞ ማሳወቅ ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ በቅድሚያ የሚታዩት የደራሲዎች ስም ቅደም ተከተል፣ የሠንጠረዥ አሃዞች፣ የናሙና መለያዎችና የቦታ ልኬቶች ናቸው፤ አሳታሚው ጽሑፉን ወደራሱ ቅርጽ ሲቀይር በብዛት የሚበላሹት እነዚህ ናቸው። ከታተመ በኋላ የተገኘ ስህተት የሚስተካከለው በተለየ የእርማት ማስታወቂያ ሲሆን፣ ማስታወቂያው ከዋናው ጽሑፍ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል።